ሰልካካው አፍንጫዬ

ባለፈው ሳምንት ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ያቀፈችው ልጅ ጉንፋን ይዞት አፉን ከፍቶ ተኝቶ ነበር፤ በተነፈሰ ቁጥር ጉሮሮው ውስጥ ኽርር ብሎ የሚጀምር፣ ከንፈሩ ላይ ሲደርስ ፕፍ ብሎ የሚያልቅ ድምፅ ያወጣል። ሌላው ተሳፋሪ ስለ መንገዱ እያወራ ልብም አላለው፤ እኔ ግን ከዚያ ድምፅ በቀር ሌላ መስማት አቃተኝ፣ ሳላስበው እጄ ሄዶ አገጬን ደግፎ ያዘ። አውቀዋለሁ፤ እስከ አሥራ አንድ ዓመቴ ድረስ አብሮኝ የኖረ የራሴ ድምፅ ነው። ስለ ልጅነታቸው የሚያወሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከጠረን ይነሳሉ፤ ዝናብ የነካው አፈር ጠረን፣ የእናታቸው ቀሚስ ጠረን፣ የአዲስ ደብተር ጠረን እያሉ። የእኔ ልጅነት ጠረን የለውም፤ ያለው ይኸው ድምፅ ብቻ ነው።

የተወለድኩት በሐምሌ፣ ጭጋጉ ከደጃችን ሳይነሳ በሚውልበት ሰሞን ነው አሉ። እናቴ እንደነገረችኝ ሳለቅስ እቀላ፣ ስጠባ እጠቁር ነበር፤ ጡቷን ጎርሼ ሁለት ሦስቴ እንደሳብኩ ከንፈሬ ይጠቁርና ዓይኔ ይገለበጣል፣ ስትነጥቀኝ እጮሃለሁ፣ ስጮህ ደሜ ይመለሳል። ጎረቤቶች «ይችስ ለቅሶ ወዳድ ናት» ብለው ሲስቁ እናቴ ብቻ አልሳቀችም፤ ወተቷን በስኒ እያለበች፣ ጣቷን እየነከረች፣ ጠብ ጠብ እያደረገች አሳደገችኝ። እንዴት ልተርፍ እንደቻልኩ በኋላ የጠየቅኳቸው ሐኪሞች ራሳቸውን ከመነቅነቅ በቀር ያሉኝ ነገር የለም። እኔ ግን አውቀዋለሁ፣ የተረፍኩት በእናቴ ጣት ነው።

ያው ጣት ሌላም ሙያ ነበረው። በኛ ሰፈር ሕፃን ሲወለድ ገላው በታጠበ ቁጥር ለጋ ቅቤ ይቀባና አፍንጫው በሁለት ጣት ተይዞ ከላይ ወደ ታች ይታሻል፣ ሳብ ሳብ ይደረጋል፤ ደፍጣጣ እንዳይሆን፣ ወጣ እንዲል። እናቴ በዚህ የተመሰገነች ነበረች፣ የስንቱን ካህን ልጅ አፍንጫ ያወጣችው እሷ ናት፤ በገዛ ልጇማ እንዴት ትሰንፍ፣ ጧት ማታ እያሸች አላፊ አግዳሚው የሚያደንቀው ሰልካካ አፍንጫ ሠራችልኝ። ቤታችን የገባ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው አፍንጫዬን ነበር፤ «ይኼማ የሥዕል አፍንጫ ነው» ይሉ ነበር፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የተሣሉትን መላእክት እያሰቡ። እንዲህ ያለ አፍንጫ አየር አያስገባም ብሎ ማን ይጠርጥር? የኋላው፣ ከጉሮሮ ጋር የሚገናኝበት፣ በአንድ በኩል ፈጽሞ የተደፈነ፣ በሌላው የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ሽንቁር ብቻ የነበረው መሆኑን ያወቅነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

አባቴ የዜማ መምህር ነበር። ከቤታችን ጀርባ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ድጓ ያስተምር ነበር፤ ጆሮው የተለየ ነበርና ከሃያ ተማሪ መካከል አንዱ ድምፁን ያለቦታው ቢያነሳ ዓይኑን ጨፍኖ እንደተቀመጠ ስሙን ጠርቶ ያቆመው ነበር። መስከረም ጠብቶ፣ ዝናቡ ሲያባራና ተማሪዎቹ ከጎጆ ወደ ሜዳ ሲወጡ፣ እኔም ከኋላቸው ተቀምጬ የሚሉትን እል ነበር፤ ዜማው አይጠፋኝም፣ ፊደሉ ግን አልገዛ ይለኛል። «መ» የነበረው ሁሉ በእኔ አፍ «በ» ይሆናል፣ «ነ» የነበረው «ደ» ይሆናል። ተማሪዎቹ በየደጁ ሲለምኑ የሚሉትን «በእንተ ስማ ለማርያም» ተከትያቸው «በእድተ ስባ ለባርያብ» ስል ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር፤ አባቴ አይስቅም። ስሜ እናኑ ነው፤ ማን ትባያለሽ ያለኝን ሁሉ «እዳዱ» እለው ነበር። እናቴን «እማየ» ብዬ ስጠራት «እባየ» ስለሚሆን፣ የተጠራ መስሎት «አቤት» የሚለው አባቴ ነበር።

ጧት ጧት፣ ተማሪዎቹ ከመምጣታቸው በፊት፣ አርጩሜውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ፊቱ ያስቀምጠኝ ነበር።

«ማ በይ።»

«ባ።»

«ከንፈርሽን ገጥመሽ፣ ወደ ላይ ወደ አፍንጫ ልከሽ፣ ማ።»

«ባ።»

ለእሱ ይህ ስንፍና ነበር፤ በባሰው ቀን ደግሞ ንቀት ይመስለው ነበር። ስንቱን የገበሬ ልጅ ከ«ሀ» አንስቶ ሊቅ ያደረገ ሰው፣ ፊደል በልምምድ የማይገባው ሰው አለ ብሎ እንዴት ይመን? አርጩሜው ባቴ ላይ ያርፍ ነበር፣ ጠንክሮ አይደለም፣ ግን በየቀኑ። ልዩነቱን እሰማለሁ ብል ማንም አያምነኝም ነበር። እሱ «ማ» ሲል «ማ» ይሰማኛል፣ እኔም ልናገር ስል ውስጤ ያለው «ማ» ነው፤ ከአፌ ሲወጣ ተለውጦ አገኘዋለሁ። ዛሬ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ያኔ «አማርኛ» የሚለውን ቃል እንኳ ማለት አልችልም ነበር።

ከዚህ ሁሉ የከፋው «አፍሽን ግጠሚ» የሚለው ነበር። አባቴ ይለዋል፣ እናቴ ትለዋለች፣ መንገደኛው ይለዋል፤ አፉን ከፍቶ የሚሄድ ልጅ ያልተቀጣ ነው፣ ወይም ሞኝ ነው። እገጥማለሁ፤ ሃያ እርምጃ ያህል እሄድና ደረቴ ሲነድ እንደገና እከፍታለሁ። ስበላ ወይ ማኘክ ነው ወይ መተንፈስ፣ ሁለቱን አንድ ላይ አላውቃቸውም ነበር፤ ስለዚህ በገና ሰሞን ቤታችን በመንገደኛና በተሳላሚ ሲሞላ፣ እናቴ ከእንግዶቹ በፊት ጓዳ አስገብታ ታበላኝ ነበር። «ዛሬ ጨዋ ሰዎች ናቸው» ትለኝ ነበር፣ እኔ ጨዋ እንዳልሆንኩ ያህል።

የወተት ጥርሶቼ መውለቅ ሲጀምሩ እንደማንኛውም ልጅ ጣሪያ ላይ እየወረወርኩ ነጭ ጥርስ እንዲተካልኝ ለምኜ ነበር። የመጣልኝ ግን የሌላ ሰው ጥርስ ነው የሚመስለው። የላይኞቹ የፊት ጥርሶቼ ትልልቅ ሆነው ወደ ውጭ ገፉ፣ አንዱ ክራንቻዬ ቦታ አጥቶ ከድዴ ላይ ብቅ አለ፣ የላይኛውና የታችኛው ጥርሴ ፊት ለፊት አልገናኝ ብሎ ክር እንኳ በጥርሴ መበጠስ አቃተኝ። ላንቃዬን በምላሴ ስነካው ጠቦና ወደ ላይ ገብቶ ነበር። ፊቴም ከእኩዮቼ ፊት ተለይቶ ወደ ታች ይረዝም ጀመር። የሰፈሩ ልጆች «እዳዱ፣ ዝንብ ገባልሽ» ይሉኝ ነበር፤ እናቴ ደግሞ ፀጉሬን ስትሠራኝ አገጬን በመዳፏ ይዛ ቀና ታደርገኝና፣ አይታኝ አይታኝ ፊቷን ወደ ሌላ ታዞር ነበር።

ስምንት ዓመት አልፎኝ በመጣው ሁዳዴ አንድ እሑድ፣ ጉንፋን ይዞኝ ሳለ እናቴ ለቁርባን ይዛኝ ሄደች። የቆረበ ሰው፣ በኋላ የሚሰጠውን ጸበል እስኪጠጣ ድረስ አፉን በነጠላው ሸፍኖ መቆየት አለበት፤ ቅዱስ ሥጋው ከአፍ እንዳይወድቅ፣ እስትንፋስም እንዳያወጣው። እናቴ ከዋዜማው ጀምራ ስትነግረኝ ነበር፤ «እስክትጠጭ እንዳትከፍች፣ ነገር ይሆንብናል» እያለች። ተቀበልኩ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረገችልኝ፣ እሷም በላዩ ላይ እጇን ጫነች። ለጸበሉ የቆመው ሰው ብዙ ነበር። ያቺ የመርፌ ቀዳዳዬ በጉንፋኑ ተደፍናለች፤ እስከ አሥር ቆጠርኩ፣ እስከ ሃያ ቆጠርኩ፣ ከዚያ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር መደለቅ ጀመረ። ነጠላውን ልስብ ስል እናቴ ይበልጥ ተጫነችው፤ ልትጎዳኝ አይደለም፣ ያለ የሌለ ፍርሃቷ ከአፌ ይወድቃል የሚለው ነበር። ተፈራገጥኩ። እጇን ቧጨርኩ። ጆሮዬ ውስጥ ቅዳሴው እየራቀ እየራቀ ሄዶ፣ ከፊቴ የነበሩት ነጫጭ ነጠላዎች ጠቆሩ።

ስነቃ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተጋድሜ ነበር፣ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ የተቧጨረ እጇን በነጠላዋ ትጠርጋለች። አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው አዩኝና ለእናቴ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ያደረባት ነገር አለ። ቁርባን አልቀበል ያለው እሱ ነው» አሏት። በዚያው ቀን መንደሩ ሁሉ ሰማ። ከዚያ ወዲያ «ዝንብ ገባልሽ» የሚለኝ ልጅ ጠፋ፤ ከእኔ ጋር የሚጫወትም ጠፋ። ይሰድቡኝ የነበረውን ጊዜ ናፈቅኩ።

አባቴ በሳምንቱ ከላሊበላ በላይ ተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም ይዞን ወጣ፣ ጸበል ልጠመቅ። ዳገቱን የወጣሁት በየመቶ እርምጃው ድንጋይ እየተደገፍኩ ነው፤ የሚወርዱ ገበሬዎች እያዩን ያልፋሉ፣ ጉሮሮዬ ከመድረቁ የተነሳ ምራቄን መዋጥ ያቅተኝ ነበር። የሚያጠምቁት መነኩሴ አባ ገብረ ማርያም ይባሉ ነበር፣ ቀጭን፣ ቃላቸው ጥቂት የሆነ ሰው። ቁልቁል ሳይሆን ሽቅብ አንጋጥጬ እንድቆም አድርገው ከማሰሮው ፊቴ ላይ ያፈሱ ነበር። ሌላው ሰው ውሃ ፊቱ ላይ ሲፈስ አፉን ዘግቶ ያሳልፈዋል፤ እኔ ግን ወይ ልጠጣው ነው ወይ ልታፈን ነው። በሦስተኛው ቀን አፌን ገጥሜ መንጋጋዬን ነክሼ ስቆም፣ አጠገቤ የቆመው አባቴ አጎንብሶ ፊቴን አተኩሮ ሲያይ አየሁት።

«አባ፣ ይቆዩኝ» አለ፤ «ውሃው ቁሟል።»

«የቱ ውሃ?»

«አፍንጫዋ ውስጥ ያለው። ይዩት፣ አይወርድም።»

አባ ገብረ ማርያም ማሰሮውን አስቀምጠው ቀረብ ብለው አዩ። ጸበሉ ሁለቱም ቀዳዳዎቼ ውስጥ ሞልቶ፣ ስኒ ውስጥ እንደተቀዳ ቀጥ ብሎ ነበር። አንድ ጊዜ ሳቀረቅር ፈሰሰ፤ እንደገና ሲያፈሱ እንደገና ቆመ። መነኩሴው መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው፣ «መሪጌታ፣ ጸበሉ ሥራውን ሠርቷል፣ ያለውን አሳየን። ይህ ያደረ አይደለም፣ ያልተከፈተ ነው። ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት» አሉ። ዳገቱን ስንወርድ የእናቴ ፊት አመድ መስሎ ነበር፤ ደስ ሊላት ይገባ ነበርና ገረመኝ።

ከፋሲካ በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። አንድ ወጣት የጤና ባለሙያ ቀጭን ለስላሳ ቱቦ በአፍንጫዬ ሊያስገባ ሞከረ፤ ሁለት ጣት ያህል ገባና ቆመ፣ በሌላውም ሞከረ፣ ቆመ። ከዚያ አፌን አስከፍቶ ጥርሴንና ላንቃዬን በባትሪ አየ። «አዲስ አበባ መሄድ አለባት፣ እሱም ቶሎ» አላቸው። «አፏ ተከፍቶ የሚያድግ ልጅ ፊቱ ይረዝማል፣ ላንቃው ይጠባል፣ ጥርሱ መቆሚያ ያጣል። አፍንጫዋ መቼም ቢሆን ሊከፈት ይችላል፤ ፊቷ ግን አይጠብቃችሁም። በዘገያችሁ ቁጥር የምታጡት ከፊቷ ላይ ነው።» እኔ ይህን ሁሉ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። ልጅ አይሰማም ብለው ነው መሰለኝ።

እንግዲህ ያ ሰው እንዲህ ብሎ ሳለ ሁለት ዓመት ቆየን። ዛሬም ስጽፈው እጄ ይከብደኛል። ያዘገየችን እናቴ ናት፤ አንድም ቀን «አልወስዳትም» አላለችም፣ ምክንያት ብቻ ነበራት። «ክረምቱ እየገባ ነው፣ መንገዱ አይረባም» አለች፤ በዚያ ክረምት ሁለተኛው ክራንቻዬ ከድዴ በላይ ወጣ። «አዝመራው ይግባ» አለች፤ አዝመራው ሲገባ ከንፈሮቼን በግድ ብገጥማቸው እንኳ መድረስ አቅቷቸው ነበር። «ለገና ቤቱ እንግዳ ነው» አለች፣ «ጾም ላይ ነን» አለች፣ ከዚያ ተመልሶ ክረምት ሆነ። አባቴ በዜማው ነገር እንጂ በቤቱ ነገር ደፋር አልነበረም፤ አርጩሜውን ከአሸተን ከወረደ ጀምሮ ባይነካውም፣ «እናንተ እናትና ልጅ ምከሩ» እያለ ወደ ተማሪዎቹ ይሄድ ነበር። እኔ ደግሞ በእናቴ ትንሽ መስተዋት ፊቴን እለካ ነበር፤ ከአፍንጫዬ እስከ አገጬ ስንት ጣት፣ ባለፈው ስንት ነበር እያልኩ። አፍንጫዬ አሁንም ቆንጆ ነበር፤ ጠላሁት።

በመጨረሻ ለራሴ ዘዴ አበጀሁ። ፊት የሚረዝመው አፍ ስለሚከፈት ከሆነ፣ አፍን መዝጋት ነው እንግዲህ ብዬ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእናቴን መቀነት ይዤ ከቤታችን ጀርባ ሄድኩና ከአገጬ እስከ አናቴ ጠምጥሜ አጥብቄ አሰርኩት፤ እንዳልፈታው ቋጠሮውን አበዛሁት። በልምምድ የማይለመድ የለም የሚለው የአባቴ ልጅ ነኝ። መጀመሪያ ቻልኩት፣ ቀጥሎ ጣቶቼ ቋጠሮውን ማግኘት አቃታቸው። አባቴ ለተማሪዎቹ የሚያስተካክለው ነገር ኖሮት ሲያልፍ ነው መሬት ላይ እየተንከባለልኩ ያገኘኝ። በጥርሱም በጥፍሩም ፈታው። እኔን አንድም ነገር አልጠየቀኝም፤ ተሸክሞኝ ቤት ገባና መቀነቱን ለእናቴ ሰጥቶ፣ «ነገ እንሄዳለን» አላት።

በማግስቱ ጋሸና ላይ ወርደን የወልድያውን አውቶብስ ስንጠብቅ አንድ ሻይ ቤት ገባን። አባቴ ሻይ አዘዘ። እናቴ ስኒውን ሳትነካ ቆይታ፣ «እኔ እዚሁ ልቅር፣ አንቱ ይዘዋት ይሂዱ» አለችው።

«ምን ሆነሽ?»

«ሐኪሙ ማን ዘጋባት ቢለኝ ምን እለዋለሁ?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ነኝ አንቱ። በዝች ጣቴ ነው። የሰውን ልጅ አርባ ቀን ነው የማሸው፤ እሷን ዓመት ሙሉ አሸኋት። እንዲያምርላት ብየ ደፈንኩት። ያን ለታ ውሃው ቁሟል ሲሉ ነው የገባኝ።»

አባቴ ስኳሩ የሟሟውን ሻይ ደግሞ ደጋግሞ አማሰለ። «አንችስ በቅቤ ነው» አላት በመጨረሻ፤ «እኔ በአርጩሜ ነው። ሐኪሙ ከጠየቀ እኔ ቀድሜ እናገራለሁ።»

ውጭ ረዳቱ «ወልድያ፣ ወልድያ» እያለ ይጣራ ነበር። እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ዘንቢሏን አነሳች። እኔ ዳቦዬን እያላመጥኩ ሁሉንም ሰምቼ ነበር፤ ያኔ አዘንኩላት ብል ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን የተሰማኝ ቁጣ ነው። ለሁለት ዓመት ያየሁት መስተዋት ሁሉ መጣብኝ። እስከ ወልድያ ድረስ ልታቅፈኝ ስትል ትከሻዬን እየነጠቅኳት ሄድኩ።

አዲስ አበባ የመረመረችኝ ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። ምርመራውን ጨርሳ ልትናገር ስትል እናቴ ቀደመቻትና፣ «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ በጣት ይደፈናል?» አለቻት። ሐኪሟ አልገባትም፤ አባቴ ስለ ቅቤውና ስለ ማሸቱ ሲያስረዳት አልሳቀችም፣ ወንበሯን ወደ እናቴ ሳበች።

«እማማ፣ ይኼ ከማሕፀን ጀምሮ ነው። የዘጋው አጥንትና ስስ ሥጋ ነው፣ ያለውም ከጉሮሮዋ በላይ፣ ወደ ኋላ ነው። የማንም ጣት እዚያ አይደርስም።»

እናቴ ዓይኖቿን ጨፍና ተነፈሰች። ሐኪሟ ግን አልጨረሰችም፤ ፊቴን በጣቶቿ ከጉንጬ እስከ መንጋጋዬ እየዳሰሰች፣ «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ጥሩ ነበር» አለች። «አፍንጫዋን እንከፍታለን፣ በደንብ ትተነፍሳለች። መንጋጋዋና ላንቃዋ ግን አብዛኛውን እድገታቸውን እንዲህ ሆነው ጨርሰዋል፤ እሱን ወደ ኋላ ልመልሰው አልችልም።» እናቴ ያላጠፋችውን ስትፈራ ኖራ፣ በፍርሃቷ ያጠፋችውን በዚያች ደቂቃ ሰማች። ፊቷን አየሁት። ቁጣዬ ያለቀው እዚያ ነው፤ ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ግን ያን ያህል ሊቆይ የሚችል ቁጣ አልነበረኝም።

ቀዶ ሕክምናው በደህና አለቀ፤ ቀዳዳዎቹ ተመልሰው እንዳይጠቡ በሁለቱም በኩል ቱቦ አድርገውልኝ ሳምንታት ከዘመድ ቤት ተቀመጥን። ቱቦው የወጣልኝ ቀን እናቴ ልታቅፈኝ ጎንበስ ስትል፣ ዕድሜዬን ሙሉ የማላውቀው ነገር ፊቴን ሞላው፤ ቅቤ፣ ላብ፣ የመንገድ አቧራ፣ ሰው። «እማየ፣ ትሸቻለሽ» አልኳት። አባቴ «አቤት» አላለም። ወደ መስኮቱ ዞሮ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። እናቴ ግን ስድቡን እንደ ምርቃት ተቀብላ፣ «ድገሚው እስኪ» አለችኝ፤ ደገምኩት።

ወደ ላሊበላ ስንመለስ ሰኔ ገብቶ ነበር፤ በዚያ ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ገጥሜ ተኛሁ፣ እያኘክሁ ተነፈስኩ፣ የጭቃን ጠረን አወቅሁ። ፊቴ ግን ሐኪሟ እንዳለችው ነው። ረጅም ሆኖ ቀረ፤ ጥርሶቼን በሽቦ አስሮ የሚያቃና ሐኪም ያኔ በኛ አካባቢ የሚታሰብ አልነበረም፣ አዋቂ ከሆንኩ በኋላ የጠየቅኳቸውም መንጋጋውን መስበር እንደሚያስፈልግ ነገሩኝ፤ ተውኩት። ስስቅ እጄ አፌ ላይ ይሄዳል። አዲስ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ ሲጠቃቀሱ አያለሁ፣ አንድ ሳምንት ታግሼ አልፋቸዋለሁ። አባቴ ይህን ሁሉ ሳያይ አይደለም ያረፈው፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ ትምህርት ላይ «መ» የሚያጠፋ ልጅ ሲገጥመው መጀመሪያ ጧፍ አብርቶ ከአፍንጫው ሥር ይይዝለት ነበር፣ ነበልባሉ ሲወዛወዝ እስኪያይ።

እኔ ልጄን ሶልያናን የወለድኳት ሆስፒታል ነው። አዋላጇን ከምጤ መሃል ይዤ አፍንጫ ስለሚፈተሽበት ቱቦ ስለለመንኳት፣ ልጄ እንደተወለደች በሁለቱም በኩል አስገብታ ጉሮሮዋ ድረስ እንደሄደ አሳየችኝ። እናቴ እቤት መጥታ አረሰችኝ፣ ሕፃኗን አጠበች፣ ገላዋን ቀባች፤ አፍንጫዋን ግን አልነካችም። ልጄ አሁን ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷን ነው የምትመስለው ይላሉ ሰዎች፤ እኔና እናቴ ግን ማንን እንደምትመስል እናውቃለን፣ ዓይኗም ግንባሯም የእኔ ነው። ከጉንጯ በታች ያለው ብቻ ነው የማይመሳሰለው፤ አጠር፣ ክብ ያለ አገጭ፣ አርፎ የሚገጥም ከንፈር፣ አዲስ እየበቀሉ ያሉት ጥርሶቿ እንኳ ተራቸውን ጠብቀው የሚወጡ።

እናቴ እርጅና መጥቶባታል፣ አንዳንዴ ቀንና ሰው ይምታታባታል። ባለፈው እሑድ በረንዳችን ላይ ፀሐይ ስትሞቅ፣ ልጄ ከፊቷ ሆና መጽሐፍ ስታነብ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጎመን እያጠብኩ ነበር።

«እናኑ፣ ነይ እስኪ» አለች እናቴ።

«አቤት እማየ» ብዬ ቀና አልኩ።

አየችኝ፤ ማን እንደሆንኩ ልታስታውስ የምትሞክር መስላ፣ በትሕትና፣ ለእንግዳ ሴት እንደሚነገር፣ «እርስዎን አይደለም፣ ልጄን ነው የጠራኋት» አለችኝ።

ሶልያና ግራ ገብቷት ወደ እኔ አየች። በዓይኔ ሂጂ አልኳት፤ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። እናቴ አገጯን በመዳፏ ይዛ ቀና አደረገቻት። ያኔ እንዲህ ይዛኝ፣ አይታኝ አይታኝ ፊቷን ታዞር ነበር፤ አሁን አላዞረችም፣ ረጅም ጊዜ አየቻት፣ ፈገግ አለች። እኔ ጎመኔን ይዤ ቆሜ አየኋቸው። አልቀናሁም ብል ውሸት ነው።